«ሱዳን» ያልኩበት ቀን

«ሱዳን!» አልኩ።

ጥያቄው ገና አላለቀም። አቅራቢው «ከአፍሪካ ሀገራት መካከል በቆዳ ስፋት...» ሲል ጣቴ ቁልፉን ተጭኗል። ከፊቴ ያለው መብራት በራ። አፌ ግን ከመብራቱም ቀደመ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለካ እውነት ነው። ከጎኔ የቆመው ልጅ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲውጥ አየሁና ያኔ ገባኝ።

መልሱ አልጄሪያ ነው። አውቀዋለሁ እኮ! ከሳምንት በፊት በገዛ እጄ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እዚያ መድረክ ላይ ግን የመጣልኝ የሰባተኛ ክፍል መምህሬ ድምፅ ነው። እሳቸው ሲያስተምሩን ደግሞ ሱዳን ትክክል ነበር።

የተወዳደርኩበት የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ከተላለፈ ወዲህ «እንዴት ነው የሚገባው? ምን ላንብብ?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ ልጻፈው አልኩ። ሁለተኛ ነው የወጣሁት፤ ስለዚህ የአሸናፊ ምክር አትጠብቁ። የት እንደተሳሳትኩ ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ወረቀት ሳይሆን ጣት የሚነክስ አንድ ስቴፕለር። ሥራዬ የሰው ወረቀት ማባዛት ነው። ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ ደግሞ የማባዛውን አነባለሁ። የ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ሳይንስ ፈተና፣ የ12ኛ ክፍል ጂኦግራፊ፣ የነርሶች ማስታወሻ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ሳይቀር። (የፍርድ ቤቱን ባላነብ ይሻል ነበር።) 12 ዓመት እንዲህ ሲነበብ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀር ነገር አለ። ማታ ቤተሰቡ የጥያቄና መልስ ውድድር ሲያይ እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ እመልስ ነበር። «ምን እዚያ ያስጮህሻል? ለምን ሄደሽ አትወዳደሪም?» ያለችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ስልክ ደውላ ያስመዘገበችኝም እሷው ናት።

ከሁለት ወር በኋላ ለማጣሪያ ተጠራሁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ሄድኩ። አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው 50 ጥያቄ ሰጡን። በ30 ደቂቃ። ስለ ማጣሪያው ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ አትበሉ፤ የምታውቁትን ጨርሳችሁ ተመለሱ። ይኸው ነው። ግን ሁለት ጥያቄዎች እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጡም።

አንደኛው «የግዕዝ ፊደላት ስንት ናቸው?» የሚል ነበር። እኔ የፊደል ገበታ በየቀኑ ነው የማባዛው። «33» ብዬ ልጽፍ እጄ ከተነሳ በኋላ ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩት። ግዕዝ ነው የሚለው፤ አማርኛ አይልም። የግዕዝ 26 ነው። አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨን ጨምሮ ነው 33 የሆነው። አጠገቤ የነበረችው ልጅ 33 ብላ ስትጽፍ አየኋት። አልነገርኳትም። ውድድር ነው፤ ምን ላድርግ።

ሁለተኛው የራስ ዳሸን ከፍታ ነው። የቆየው የትምህርት ቤት መጽሐፍ 4,620 ሜትር ይላል። የቅርቦቹ ልኬቶች ደግሞ ወደ 4,550 ሜትር ያወርዱታል። የትኛውን ነው የሚፈልጉት? ጥያቄ አውጪው መጽሐፉን አይቶ ይሁን ኢንተርኔቱን፣ በምን አውቃለሁ? ሁለቱንም ጻፍኩና ጎን ላይ «አሮጌ ልኬት፣ አዲስ ልኬት» አልኩ። ተቀበሉኝ። በጽሑፍ ማጣሪያ ላይ እንዲህ ማድረግ ያዋጣል። መድረክ ላይ ግን አንድ መልስ ብቻ ነው የሚሰሙት።

ማጣሪያውን አለፍኩ። ለቀረጻው አምስት ሳምንት ቀረኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በከንቱ ፈጀኋቸው።

በቴሌግራም የሚዞር «1000 ጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» የሚል ወረቀት አለ። ስንት ጊዜ አባዝቼ እንደሸጥኩት እኔም አላውቅም። እሱን ይዤ ሽምደዳ ገባሁ። ከ1 እስከ 100 ሰኞ፣ ከ101 እስከ 200 ማክሰኞ። ሐሙስ ላይ የሰኞው ጠፍቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ያዳኑኝ የሰፈራችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። በየጠዋቱ በሱቄ ደጃፍ ያልፋሉ። ያን ቀን ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ለውድድሩ የማጠናው ነው ጋሼ።»

«ይሄማ የገበያ ዘንቢል ነው። ሽንኩርቱም፣ ሳሙናውም፣ ክብሪቱም አንድ ላይ። በጨለማ እጅሽን ብትከቺ የምትፈልጊውን ታገኛለሽ?»

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የአክሱም ሐውልት ከሮም መቼ ተመለሰ?» በ1997 አልኳቸው። «እሺ፣ ከዚያ በፊትስ ሮም ውስጥ ምን አየ?» ሐውልት ምን ያያል? ዝም አልኩ። ሳቁና ቁጭ ብለው ያወሩልኝ ጀመር። ሦስት ደንበኛ እስኪያልፈኝ አዳመጥኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረረችን። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የማይጨው ጦርነት ሆነ። 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተጭኖ ሮም ተተከለ፤ ኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በሮም ኦሊምፒክ፣ አንድ ባዶ እግሩን የሚሮጥ የክብር ዘበኛ ወታደር ማታ በችቦ ብርሃን በዚያ ሐውልት አጠገብ አለፈ። አበበ ቢቂላ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተነጥሎ የወጣው እዚያ አካባቢ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። መጨረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ቆመ።

«አየሽ፣» አሉኝ ጋሼ፣ «አሁን ስንት ጥያቄ መለስሽ? ወረራው፣ ማይጨው፣ የሐውልቱ ቁመት፣ ኦሊምፒኩ፣ የአበበ ሰዓት፣ ሁለተኛ የወጣው፣ የተመለሰበት፣ የቆመበት። ስምንት ነው። አንዱን ብትረሺ ሌሎቹ ጎትተው ያመጡልሻል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ወረቀት ጣልኩት። እያንዳንዱን አዲስ ነገር ከማውቀው ነገር ጋር እያሰርኩ ነው የያዝኩት። ለምሳሌ ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ለብቻው ቁጥር ነው፤ ይረሳል። ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ሁለት ወር ከምናምን ልዩነት! ሀገሩ በሙሉ ስለ ደርግ ሲያወራ አፋር ውስጥ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተኛች ሴት ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም።

ሌላ ልጨምር። አበበ ቶኪዮ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ጥቂት ሳምንታቱ ነበር፤ ደግሞ በዚህኛው ጫማ አድርጓል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በዚያው ወር፣ ጥቅምት 23 ነው። ጥቅምት 23 ደግሞ የንጉሡ የዘውድ በዓል ቀን ነው፤ በ1923 ነው የነገሡት። 23፣ 23። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ስታገኙ ቶሎ ያዙት።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠር ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ተወዳዳሪ ሲወድቅ በብዛት ያየሁት እዚህ ስለሆነ።

እኛ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጭንቅላታችን ውስጥ ይዘን ነው የምንኖረው። ታሪካችንን በኛው፣ የዓለሙን በፈረንጆቹ። ጥያቄው «በስንት ዓመተ ምሕረት» ሲል አንዱን፣ «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር» ሲል ሌላውን ነው። ሁሉም ሰው «8 ቀንስ» የሚለውን ያውቃል። ችግሩ ሁልጊዜ 8 አለመሆኑ ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜ ማለቂያ 8። ስለዚህ ወሩን ሳታውቁ ዓመቱን መቀየር አትችሉም። ዐድዋ የካቲት 23 ነው፤ 1896 ሲቀነስ 8፣ 1888። የንግሡ በዓል ጥቅምት ነው፤ 1930 ሲቀነስ 7፣ 1923። ወረራውና ማይጨው በፈረንጅ 1935 እና 1936፣ ሁለት ዓመት ናቸው። በኛ ግን ሁለቱም 1928 ናቸው። ልጆች ይህን ፈተና ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ፤ የታረመውን ወረቀት ለወላጅ የማባዛው እኔ ነኛ።

ይህ ሕግ መድረክ ላይ አንድ ጊዜ አስጨብጭቦልኛል። ጥያቄው «አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ ሲያሸንፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱ ስንት ነበር?» የሚል ነው። አንደኛው ተወዳዳሪ ቀድሞ ተጫነና «1953» አለ። ሴፕቴምበር ስለሆነ 7 ቀንሶ ነው። አልፈረድኩበትም። ግን ሩጫው ሴፕቴምበር 10 ነበር። በኛ ጳጉሜ 5። የ1952 የመጨረሻ ቀን! አበበ ያሸነፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ነው። ሀገሩ አበባየሆሽ ሊል ሲዘጋጅ። «1952» አልኩ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ «ቀኑን ባትይዢ እንኳ ችቦውን አስቢ» ብለውኝ ነበር፤ የሮሙንም፣ የእንቁጣጣሹንም። እሱ ነው ያወጣኝ።

ቀጥሎ ቃላት። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው የፈረንሳይን ዋና ከተማ አይጠይቃችሁም። ሰው የሚሳሳትበትን ነው የሚወደው። አውስትራሊያ ሲድኒ ሳይሆን ካንቤራ፣ ቱርክ ኢስታንቡል ሳይሆን አንካራ፣ ብራዚል ሪዮ ሳይሆን ብራዚሊያ፣ ካናዳ ቶሮንቶ ሳይሆን ኦታዋ። «ትልቁ ሐይቅ» እና «ጥልቁ ሐይቅ» ለየቅል ናቸው። ከኛ ትልቁ ጣና ነው፣ ጥልቁ ግን ሻላ። ከአፍሪካ ትልቁ ቪክቶሪያ፣ ጥልቁ ታንጋኒካ። አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው፤ አቅራቢው ፈጥኖ ሲያነብ ደግሞ ጆሮ ያታልላል።

«የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ከሁሉም የከፋ ነው። አበበ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የወርቅ ተሸላሚ ነው ትሉ ይሆናል። እንዲያ አይባልም። ደቡብ አፍሪካውያን ነጮች ከእሱ ብዙ ዓመት ቀድመው ወርቅ ወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1928 ማራቶን ያሸነፈው ቡጌራ ኤል ዋፊም በፈረንሳይ ስም ይሩጥ እንጂ አልጄሪያ ተወላጅ ነው። ትክክሉ «የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ» ነው። ደራርቱ ቱሉም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር «የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት»። የሞሮኮዋ ናዋል ኤል ሙታዋኪል በ1984 ቀድማታለች። ይህን ስናገር የሰፈር ጎረምሶች ተቆጥተውኛል። የጀግኖቻችንን ክብር የቀነስኩ መስሏቸው። ምኑን ቀነስኩት? እንዲያውም በትክክል ስንናገረው ማንም አይነጥቀንም።

አሁን ወደ ሱዳን ጉዳይ ልመለስ።

በሦስተኛው ሳምንት ላይ ያ የአንድ ሺህ ጥያቄ ወረቀት መልሶቹ ራሳቸው ያረጁ መሆናቸው ገባኝ። ፕላኔቶች 9 ይላል። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ድንክ ፕላኔት ተብላ 8 ሆነዋል። የኢትዮጵያ ክልሎች 9 ይላል። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ክልል ሆኑ። በ2015 ደግሞ የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሲባል ቁጥሩ 12 ደርሷል። በሕዝብ ብዛት አንደኛ ቻይና ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ህንድ ናት። ስዋዚላንድ ይላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኤስዋቲኒ ነው። የቡሩንዲ ዋና ከተማ ቡጁምቡራ ይላል፤ አሁን ጊቴጋ ነው። የናይጄሪያው ግን የጉድ ነው፤ ሌጎስ ይላል። ዋና ከተማው ወደ አቡጃ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው! ወረቀቱን የጻፈው ሰው ከየት ገልብጦት ይሆን?

ሱዳንም እዚያው ውስጥ ነበረች። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ሱዳን ወደ ሦስተኛ ወረደች። አልጄሪያ አንደኛ፣ ኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሁለተኛ።

ደብተሬ ላይ «ጊዜ ያለፈባቸው» የሚል ገጽ ከፈትኩ። አሮጌውን መልስ ትቼ አዲሱን ብቻ በቀይ ጻፍኩ። አልጄሪያ። 12። ህንድ። 8። ስህተቴ ይህ ነው። በመድረኩ ላይ የሆነውን እስካሁን ሳሰላስለው የማገኘው ምክንያት ይኸው አንድ ነው። አሮጌው መልስ በልጅነቴ ገብቶ ሥር ሰዷል። አዲሱ ገና የሳምንት ችግኝ ነው። ሰው ሲቸኩል ሥር የሰደደው ይቀድማል። አሮጌውን ከደብተሬ ስላጠፋሁት ከጭንቅላቴም የጠፋ መሰለኝ።

አሁን የምለማመደው በሌላ መንገድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስራለሁ። «ሱዳን ነበረች፣ ተከፈለች፣ አልጄሪያ ሆነች» እላለሁ ጮክ ብዬ። «ሌጎስ ነበር፣ አቡጃ ሆነ።» እንዲህ ሲሆን አሮጌው መልስ ቀድሞ ብቅ ቢል እንኳ አዲሱን ጎትቶ ይመጣል። እህቴ በየቀኑ ትፈትነኛለች። እስካሁን አልሳትኩም። የጋሼ የማሰር ዘዴ ነው እኮ! ለታሪኩ ሁሉ ተጠቅሜበት ለዚህ ብቻ መርሳቴ ያናድደኛል።

የተገላቢጦሹም አለ። አንዳንዴ ጥያቄው የድሮውን ስም ነው የሚፈልገው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ፍጻሜ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈችው ማንን ነው? ግብፅን። በዚያን ጊዜ ስሟ ግን የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር። ሁለቱንም የያዘ ሰው አይደናገርም።

ስለ ቁልፉ ደግሞ ትንሽ። እኛ በተወዳደርንበት ላይ ጥያቄው ሳያልቅ መጫን ይቻላል፤ አቅራቢው ያን ጊዜ ማንበቡን ያቆማል። የተሳሳተ ነጥብ ይቀነስበታል። ቤት ውስጥ የተለማመድነው በዚያ ስቴፕለር ነው። እህቴ ታነባለች፣ እኔ ስቴፕለሩን እመታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ተሰበረ፤ ተገላገልኩ። ልምምዱ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። እህቴ ስሳሳት ነጥብ አትቀንስብኝም ነበር። ስለዚህ የሠለጠንኩት ለፍጥነት ብቻ ነው፤ ዝም ማለትን አልተለማመድኩም። እናንተ ስትለማመዱ ለእያንዳንዱ ስህተት የሚቆጭ ነገር አስቀምጡ። አምስት ብርም ይሁን፣ ዕቃ ማጠብም ይሁን።

የቀረጻው ቀን ከጠበቅኩት በላይ ረጅም ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ግቡ አሉን፤ መድረክ ላይ የወጣሁት 9 ሰዓት ላይ ነው። በአንድ ቀን ሦስት ፕሮግራም ይቀረጻል። በመሃል መብራት ይስተካከላል፣ አንድ ሽቦ ይጠፋል፣ አቅራቢው ልብስ ይቀይራል፤ የተለያየ ሳምንት መምሰል አለበት። ምሳ ትንሽ ብሉ፣ ግን ብሉ። እኔ በጭንቀት አልበላሁም፤ ሻይ ብቻ ስጠጣ ዋልኩ። የተቻኮልኩት በዚያ ይሆን ብዬም አስቤያለሁ። ልብስ ላይ ጥቃቅን መስመር ያለበትን ተዉት፣ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሴቶች ደግሞ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ከሄዳችሁ መቀነት አትርሱ። የማይክራፎኑን ባትሪ ማንጠልጠያ ሌላ ቦታ የለም። የእኔን በመርፌ ቁልፍ ነው ያያዙት፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ወገቤን ይወጋኝ ነበር።

መልሳችሁ ትክክል ሆኖ «ተሳስታችኋል» ብትባሉ እዚያው፣ ከመድረክ ሳትወርዱ ተናገሩ። ከእኛ በፊት በነበረው ዙር አንድ ሰውዬ ራስ ዳሸንን 4,550 ብለው «4,620 ነው» ተባሉ። ዝም ብለው ወረዱ። ሻይ ላይ ሲነግሩን እንዲያመለክቱ ገፋፋናቸው። «አሁን ቀረጻው አልቋል» አሏቸው። በጨዋነት እጅ አንስቶ «ምንጩን ብታዩልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ስለ ሽልማቱም ቀድማችሁ ጠይቁ። መቼ፣ ከግብር በኋላ ስንት፣ በማን በኩል። የእኔ የሁለተኛነት ገንዘብ ሦስት ወር ፈጅቶ ነው የደረሰኝ፤ እሱም በስንት ስልክ። ቶነር ገዛሁበት።

የመጨረሻውን ዙር እኔና ያ ከንፈሩን የነከሰው ልጅ እኩል ነጥብ ይዘን ነበር የጀመርነው። የምሕንድስና ተማሪ ነው። ከእኔ በ15 ዓመት ያንሳል። ከሱዳን በኋላ ተራው ሲሰጠው ቀስ ብሎ «አልጄሪያ» አለ። ወርደን ስንጨባበጥ «ያን ያህል ፈጥኖ እንዴት መጣልህ?» አልኩት። «እትዬ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ሱዳን ተከፍላ ነበር» አለኝ። እትዬ ያለኝ ከሽንፈቱ በላይ አመመኝ።

አሁን ሰፈር ውስጥ ስሜ ተቀይሯል። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ በበሩ በኩል «ሱዳን!» ብለው ይሮጣሉ። ጋሼም አልማሩኝም። ጠዋት ሲያልፉ መስኮቱን በከዘራቸው መታ ያደርጉና «የአልጄሪያ ዋና ከተማ?» ይላሉ። «አልጀርስ» እላለሁ። «ጎሽ፣ ገንዘቧስ?» ይላሉ። ዲናር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ያንን የአንድ ሺህ ጥያቄ ወረቀት ይዞ መጣ። ለጓደኞቹ 20 ኮፒ ፈለገ። ማሽኑ ላይ ከማድረጌ በፊት እስክሪብቶ አወጣሁ። ፕሉቶን ሰረዝኩ፣ 9ኙን 12 አደረግኩ፣ ሌጎስን በአንድ መስመር ብቻ አጠፋሁ፣ እንዲነበብ፤ ከጎኑ አቡጃን ጻፍኩ። ሱዳን ላይ ስደርስ ልጁ አንገቱን አስግጎ አየና «አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ሒሳቡን ተቀበልኩት። የማረሚያውን አላስከፈልኩትም።